ሻርል ቴሮን፦ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በብስክሌት ላይ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነስተን በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ብንገባ መንገዱ 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳናርፍ ወዲያው ብንመለስ 1,130 ይሆናል። ይህ አልበቃ ብሎን ደግሞ ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደን ብንመለስ ሌላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርና ድምሩ 1,200 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በአውቶቡስ እንኳ ሲታሰብ ወገብ የሚያም መንገድ ነው።

ሻርል ቴሮን የሚባል ፈረንሳዊ ይህን የሚያህል ርቀት በ1891 በብስክሌት፣ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፣ እንቅልፍ ሳይተኛ ጨርሷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዞው ከፓሪስ ተነስቶ በምዕራብ ጫፍ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ብረስት፣ ከዚያም ተመልሶ ፓሪስ ነበር። በዚያ ጊዜ ከዚህ ግማሹን ርቀት እንኳ በአንድ ውድድር የጨረሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ አንድ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። 1,200 ኪሎ ሜትርን ለ71 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ፍጥነት ማንንም አያስደንቅም። በባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳና ላይ፣ በዘንባባው ጥላ ስር፣ ማንኛውም ጤነኛ ወጣት በቻይና ብስክሌት ለጥቂት ደቂቃ ይነዳዋል። ታዲያ ቴሮን ታላቅ የተባለው በምኑ ነው? ይህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት በአጭሩ እየተረከ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ከሳንት ዋን እስከ ለንደን

ሻርል ቴሮን በ1857 ከፓሪስ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ባለችው በሳንት ዋን ተወለደ። ልጅ ሳለ ብስክሌት ገና አዲስ ነገር ነበር። ቴሮን ወጣት በሆነበት በ1870ዎቹ በስፋት የሚታየው ብስክሌት የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ደግሞ ትንሽዬ የሆነ ዓይነት ነበር። ፔዳሉ የተገጠመው በቀጥታ ከትልቁ የፊት ጎማ ላይ ነው፤ ካቴና የሚባል ነገር የለውም። ነጂው ከላይ ስለሚቀመጥ ጎማው ድንጋይ ከመታ በግንባሩ መደፋት ነው። እንግዲህ ቴሮን ሙያውን የተማረው በዚህ አስፈሪ መሣሪያ ላይ ነው።

ወንድሙ ዡልም እንደ እሱ ተወዳዳሪ ነበር። ሻርል ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአጭርም በረጅምም ርቀት እያሸነፈ ስሙ ታወቀ። በ1879 ለንደን ውስጥ በተካሄዱት የስድስት ቀን ውድድሮች ተካፈለ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ተወዳደረ። የስድስት ቀን ውድድር ማለት በአዳራሽ ውስጥ በተሠራ ክብ መም ላይ ለስድስት ቀናት እየዞሩ ብዙ ርቀት የሸፈነውን መለየት ነው። ይህ ልምድ በኋላ ለሚመጣው ነገር ትልቅ ስንቅ ሆነው። ሰውነቱ ሲደክም፣ ሆዱ እምቢ ሲል፣ ዓይኑ ሲከደን ምን እንደሚሰማው ከ20ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ጀምሮ ያውቀዋል።

በ1891 ቴሮን 34 ዓመቱ ነበር። በስፖርት ዓለም ይህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የመሰናበቻ ዕድሜ ተደርጎ ይወሰዳል። እሱ ግን ገና ነበር።

ሀሳቡ ከጋዜጣ ቤት ነው የመጣው

በግንቦት ወር 1891 ከቦርዶ እስከ ፓሪስ ወደ 570 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውድድር ተደረገ። እንግዲህ ይህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ እንደማለት ነው። ጆርጅ ሚልስ የተባለ እንግሊዛዊ ከ26 ሰዓት በላይ ጋልቦ አሸነፈ፤ ከኋላው የተከተሉትም እንግሊዞች ነበሩ። ፈረንሳዮች በገዛ አገራቸው ተቀደሙ።

ለ ፔቲ ዡርናል የሚባለው ታላቅ የፓሪስ ዕለታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ፒየር ዢፋር ይህን ሲያይ አንድ ነገር አሰበ፤ ርቀቱ እጥፍ ይሁን። ተካፋዮቹም ፈረንሳውያን ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። የውጭ አገር ሰዎችና ሴቶች አልተፈቀደላቸውም። ሴቶች ብስክሌት ሲነዱ ማየት ብርቅ ባልሆነበት በእኛ ከተማ ላለ አንባቢ ይህ ደንብ ግር ሊለው ይችላል፤ የዘመኑ አስተሳሰብ ግን ይኸው ነበር።

ሌሎቹ ደንቦች ዛሬም ድረስ የሚጠቅሙ ናቸው። ተወዳዳሪው በጀመረበት ብስክሌት መጨረስ አለበት፤ መቀየር አይቻልም። በየመንገዱ በተወሰኑ ከተሞች የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ። ተወዳዳሪው የያዘውን ደብተር እዚያ ያስመታል፤ ማኅተም የሌለው ሰው አልፌያለሁ ቢልም ሰሚ የለውም። ከየከተማው የሚላከው ቴሌግራም ፓሪስ ለሚጠብቀው ሕዝብ ማን እየመራ እንደሆነ ይነግራል። እርግጥ ዢፋር ይህን ያደረገው ለስፖርት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ የውድድሩን ወሬ ለማወቅ ጋዜጣ ይገዛል። የጋዜጣና የብስክሌት ጋብቻ በዚህ ዘመን ተጀምሮ ነው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ቱር ደ ፍራንስ በሌላ ጋዜጣ የተወለደው።

የጎማው ነገር

ስለ ቴሮን ጽፎ ስለ ጎማ አለመጻፍ አይቻልም። እስከ 1880ዎቹ መጨረሻ ድረስ የብስክሌት ጎማ ድፍን ላስቲክ ነበር። አይተነፍስም፤ ነገር ግን የመንገዱን ጠጠር ሁሉ አንድ በአንድ ለነጂው ወገብ ይነግራል። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። ምቾቱና ፍጥነቱ በጣም ተወደደ። ችግሩ ሲፈነዳ ነው። ጎማው ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ መንቀሉ፣ መጠገኑና መልሶ ማጣበቁ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሊያድር ይችላል።

በክሌርሞን ፌራን ከተማ የላስቲክ ፋብሪካ የነበራቸው የሚሽላን ወንድማማቾች፣ ኤድዋርና አንድሬ፣ ይህን ችግር ያዩት ጎማው የተነፈሰበት መንገደኛ እንዲጠግኑለት በ1889 ወደ ፋብሪካቸው በመጣ ጊዜ ነው ይባላል። በ1891 ያለ ማጣበቂያ ከቸርኬው ላይ የሚወልቅና የሚገጠም ጎማ ሠሩ። ቴሮን ወደ ብረስት የወጣው በዚህ ጎማ ነው። ዋናው ተቀናቃኙ ዢየል ላቫል ደግሞ በደንሎፕ ጎማ ነበር። ስለዚህ ውድድሩ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ፋብሪካዎችም ነበር ማለት ይቻላል። ስፖንሰርሺፕ የምንለው ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም።

በከተማችን መንገድ ዳር ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጎማው ይወልቃል፣ ከመነዳሪው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ይፋቃል፣ ይለጠፋል፣ ይነፋል። ለእኛ ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጎማውን በቀላሉ አውልቆ መልሶ መግጠም ግን በ1891 አዲስ ነገር ነበር፤ የሩቅ ጉዞ ለተራ ሰው የተከፈተውም በዚህ በኩል ነው።

ጉዞው

መስከረም 6 ቀን 1891 ጠዋት ከ200 በላይ ብስክሌተኞች ከፓሪስ ተነሱ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ጳጉሜን፣ ዓመቱ 1883 ነው። በዚያ ሰሞን አገራችን በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። የባሕር ዳር ሰው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሰፍሮ፣ ጣናን በደንገል ታንኳ እየተሻገረ የሚኖርበት ጊዜ ነው። የብስክሌት ከተማ መባሉ ገና ሩቅ ነበር።

የቴሮን ብስክሌት በእንግሊዙ ሀምበር ፋብሪካ የተሠራ፣ ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል የሆኑና በካቴና የሚሠራ አዲሱ ዓይነት ነው። ማርሽ መቀየሪያ ግን የለውም። ዳገቱም ሜዳውም በአንድ ማርሽ ነው። ወደ ብረስት የሚወስደው አገር ብሪታኒ ይባላል። እንደ ዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚያስወጣ አንድ ትልቅ ገደል የለውም፤ ነገር ግን መውጣትና መውረዱ ማለቂያ የለውም። አንዱን ኮረብታ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይመጣል። አስፋልት የለም፤ ጠጠር፣ አቧራና በከተሞቹ ውስጥ የተነጠፈ ድንጋይ ነው። ሌሊት የሚያበራው ደካማ የዘይት ፋኖስ ነው።

የቴሮንም የዢየል ላቫልም ጎማ በመንገድ ላይ ተነፈሰ፤ ለጥገናም አንድ ሰዓት ያህል ባከነባቸው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ብረስት ሲደርሱ፣ የሚመራው ዢየል ላቫል ነበር። ቴሮን ከኋላ ነው። አንድም ሌሊት እንዳልተኛ እናስታውስ።

ሁሉ ነገር የተወሰነው በሦስተኛው ሌሊት ነው። ዢየል ላቫል ጥቂት ልረፍ ብሎ ተኛ። ቴሮን እሱ በተኛበት አለፈው። ከዚያ በኋላ የቀረው ከእንቅልፍ ጋር ብቻ መታገል ነው። በአራተኛው ቀን ሲነጋጋ ፓሪስ ገባ። በዚያ ማለዳ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር። ዢየል ላቫል ሁለተኛ ሆኖ የገባው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው።

የእንቅልፍ ጉዳይ

በዲፓርትመንታችን የፊዚዮሎጂ ትምህርት የወሰደ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን ለከባድ እንቅስቃሴ የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ስቡን እያቃጠለ፣ ከውጭ የሚገባለትን ምግብ እየተጠቀመ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በ71 ሰዓት ጉዞ ውስጥ ትልቁ ሥራ መብላትና መጠጣት ነው፤ ፔዳሉ ይከተላል። አፍ ካቆመ እግርም ያቆማል።

እንቅልፍ ግን እንደ ምግብ ጎርሶ የሚታለፍ አይደለም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ዓይኑ ተገልጦ ሳለ አእምሮው ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፤ የሌለ ነገርም ሊያይ ይችላል። በብስክሌት ላይ ሲሆን ይህ ሞት ነው። ቴሮን በሕይወት የገባው በልምዱ፣ በመንገድ ላይ በሚደግፉት ሰዎችና በዕድልም ጭምር ነው። ስለዚህ ያደረገውን እናድንቅ እንጂ አንቅዳው። ዢየል ላቫልም መተኛቱ ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። አንደኛነቱን አጣ፤ ሁለተኛ ሆኖ ግን በጤና ገባ።

ከዚያ በኋላ

ቴሮን በዚህ አላቆመም። በየካቲት 1893 ፓሪስ ውስጥ በመም ላይ ከዣን ማሪ ኮር ጋር 1,000 ኪሎ ሜትር ተጋጠመ። 42 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨርሶ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ልዩነት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ከሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ተነስቶ ፓሪስ ገባ። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ14 ቀን ከ7 ሰዓት ነው የጨረሰው። አሁንም በዚያው ዓመት ቦድሪ ደ ሶኒዬ የተባለ ጸሐፊ የቴሮንን ትዝታዎች በመጽሐፍ አወጣ። የአንድ ስፖርተኛ ሕይወት በመጽሐፍ መውጣቱ ለዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ቴሮን በ1932 በ75 ዓመቱ ሞተ።

የፓሪስ ብረስት ፓሪስ ጉዞ ግን አልሞተም። የባለሙያዎች ውድድር ሆኖ በየአሥር ዓመቱ ሲካሄድ ቆይቶ በ1951 አበቃ። ከ1931 ጀምሮ ግን አማተሮችም በዚያው መንገድ ይሄዱ ነበርና ጉዞውን የወረሱት እነሱ ናቸው። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ይደረጋል፤ በ2023 የተደረገውም ከመላው ዓለም ብዙ ሺህ ሰው የተካፈለበት ነበር። አሁን ውድድር አይደለም። አንደኛ የሚባል የለም። ብዙዎቹ የሚሄዱበት ገደብ 90 ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ደብተሩን አስመትቶ የገባ ሁሉ ጨርሷል። ለመመዝገብም አስቀድሞ የ200፣ የ300፣ የ400 እና የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎችን መጨረስ ያስፈልጋል። ሴቶችም የውጭ አገር ሰዎችም ይሳተፋሉ።

ይህ ለምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ መልሱን እዚያው በ1891 እናገኘዋለን። ከ200 በላይ ከተነሱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ፓሪስ ተመልሰው ገብተዋል። አብዛኞቹ ቴሮንን አይመስሉም። ሲመሽ በየእንግዳ ማረፊያው እያደሩ፣ እየበሉ፣ ጠዋት እየተነሱ በብዙ ቀናት የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ጋዜጣው ስለ ቴሮን ጻፈ፤ ባህሉን ያቆዩት ግን የእነዚህን ሰዎች መንገድ የተከተሉት ናቸው። ቴሮን ይህ ርቀት በሰው እግር እንደሚቻል አሳየ። እነሱ ደግሞ በማንኛውም ሰው እግር እንደሚቻል አሳዩ።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

አገራችን ለብስክሌት ባዕድ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ሜልበርን ላይ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የጋለቡት የመንገድ ውድድር ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከባሕር ዳር ጎንደር ትንሽ አለፍ ብሎ እንደማለት ነው። ባሕር ዳርም ለረጅም ጊዜ የብስክሌት ከተማ ስትባል ኖራለች። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ብስክሌቱ እየቀነሰ መሄዱን ሁላችንም የምናየው ነው። ከፔዳ ፖሊ ለመሄድ እንኳ ባጃጅ የምንጠብቅ ብዙ ነን።

በትምህርታችን ስለ ብቃት ስንማር በአብዛኛው የምንለካው ማን ቀደመ የሚለውን ነው። በ100 ሜትር ይህ ትክክል ነው። በሩቅ ጉዞ ግን ሌላ መለኪያ አለ፤ ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም? ለመጨረስ ደግሞ ጠንካራ ጭን ብቻ አይበቃም። ጎማ መጠገን መቻል፣ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ የት እንደሚታደር አስቀድሞ ማወቅ፣ በሌሊት መብራት መያዝ፣ ሰውነት በቃኝ ሲል የምሩን መሆኑንና አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ በተፈጥሮ የሚሰጥ አንድም የለም። ሁሉም በትምህርት የሚገኙ ናቸው። በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ማንም ይነዳል ብለን የተነሳንበት ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል፤ የቴሮን ታላቅነት ያንን ተራ ፍጥነት ሳያቋርጥ መጠበቁ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ሀሳብ እናቅርብ። መንገዱ ሰላም ሲሆንልን ዲፓርትመንታችን ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር የሚደረግ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት ጉዞ ቢያዘጋጅ ምን አለበት? ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ማክሰኚት ላይ ማኅተም የሚመታበት ደብተር ይኑር። ውሃና ምግብ ያለበት ጣቢያ ይኑር። የመጀመሪያ እርዳታ የተማሩት ተማሪዎች በየጣቢያው ይቁሙ፤ ለእነሱም ልምምድ ይሆናቸዋል። ጎማ መጠገን የማይችል ሰው አይመዝገብ፤ ከመመዝገቡ በፊት ከአንዱ ጎሚስታ ዘንድ ግማሽ ቀን ይዋል። ሌሊት መንዳት አይፈቀድ፤ ያልደረሰ መንገድ ላይ አድሮ ጠዋት ይቀጥል። ሽልማቱ ዋንጫ ሳይሆን ስም ዝርዝር ይሁን፤ በገደቡ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በፊደል ተራ ይጻፍ።

ማጠቃለያ

ሻርል ቴሮን በሙያው የተከፈለው፣ ፋብሪካ የደገፈው፣ በልምድ የበሰለ ስፖርተኛ ነበር። እንደ ተአምር ሰው አድርገን ካየነው ከእሱ የምንማረው ነገር አይኖርም። ሥራውን ከፋፍለን ካየነው ግን የሚወልቅ ጎማ፣ ደንብ ያለው ደብተር፣ በሰዓቱ የተበላ ምግብና ያልተቋረጠ እርምጃ እናገኛለን። እነዚህ ደግሞ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። ብስክሌታችሁ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የቆመ ካለ ጎማውን ንፉት፤ መጀመሪያ ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱ። የቀረው ቀስ እያለ ይመጣል።